ከውጤት ካርድ ባሻገር፦ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ለወላጆች ምን ይነገር?

መግቢያ

ትምህርት ቤትና ቤተሰብ ተባብረው ካልሠሩ የተማሪው ዕድገት የተሟላ ሊሆን እንደማይችል በየስብሰባው ይነገራል፤ በየመመሪያውም ይጻፋል። ይሁን እንጂ ወላጁ «ልጅህን ተከታተል» ከሚለው ምክር አልፎ የሚከታተለው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ የሚነገረው ጊዜ ጥቂት ነው። በተለይ በሒሳብ ትምህርት ረገድ ብዙው ወላጅ የሚያውቀው በመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ በካርድ ላይ የሰፈረውን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከ50 በላይ ሲሆን ይደሰታል፤ በታች ሲሆን ይቆጣል። ከደስታውም ሆነ ከቁጣው በኋላ ግን ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚጠቁመው ነገር የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምሩ መምህራን ለወላጆች የሚሰጡት መረጃ ምን ዓይነት ቢሆን ጥቅም እንደሚያስገኝ ማብራራት ነው። መሠረታዊው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ወላጅ ልጁን በሒሳብ ለመርዳት ሒሳብ ማወቅ የግድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ልጁ የደረሰበትን ቦታ የሚያሳይ ግልጽ መረጃና ለልጁ ሊያቀርበው የሚችል አንድ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ሊያቀርብለት የሚችለው መምህሩ ነው።

1. እነዚህ ሁለት ክፍሎች ለምን የተለየ ትኩረት ያሻቸዋል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 7ኛና 8ኛ ክፍልን በአንደኛ ደረጃ ውስጥ አጠቃልሏቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ግን ሁለቱን ክፍሎች ለይቶ መካከለኛ ደረጃ አድርጓቸዋል። ከ1986 ዓ.ም. በፊት የተማሩ ወላጆች ይህን እርከን «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» በሚለው ስም ያስታውሱታል። በ8ኛ ክፍል ማብቂያ የሚሰጠውንም ፈተና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» እያለ ይጠራዋል።

እርከኑ ተለይቶ መታየቱ ለሒሳብ ትምህርት ተገቢ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ የትምህርቱ ጠባይ በሦስት አቅጣጫዎች ይለወጣልና።

አንደኛ፣ ቁጥር ሲባል የሚቆጠር ነገር ብቻ መሆኑ ይቀራል። ተማሪው ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ይማራል። እስከዚያ ድረስ «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም» ሲባል የቆየ ልጅ አሁን እንደሚቀነስ ይነገረዋል።

ሁለተኛ፣ በቁጥር ቦታ ፊደል ይገባል። የእኩልነት ዓረፍተ ነገር መፍታት ሲጀመር ተማሪው የሚፈለገውን ቁጥር ገና ሳያውቀው እንደታወቀ አድርጎ ሊሠራበት ይገደዳል። ይህ የአስተሳሰብ ለውጥ እንጂ የስሌት ብዛት አይደለም።

ሦስተኛ፣ መልስ ብቻውን መበቃቱ ይቀራል። በጂኦሜትሪ ሁለት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸውን መናገር አይበቃም፤ እኩል የሆኑበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠየቃል።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ አካባቢዎች ሒሳብ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በሌሎች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይቀጥላል። ቋንቋው በተለወጠበት ስፍራ ትናንት የልጁን መጽሐፍ ገልጦ ያነብ የነበረ ወላጅ ዛሬ አንዱንም መስመር ላይረዳ ይችላል። ከዚህም የተነሣ የትምህርቱ ክብደት በጨመረበት ዓመት የወላጁ ክትትል ይቀንሳል።

ችግሩ ወዲያው አለመታየቱም ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪ የእኩልነት ዓረፍተ ነገር የሚፈታበትን ሥርዓት በቃሉ ሸምድዶ ለጥቂት ጊዜ ሊዘልቅ ይችላል። የሸመደደው ነገር ትርጉም እንዳልነበረው የሚገለጸው ጥያቄው መልኩን ሲለውጥ ነው፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በ8ኛ ክፍል ፈተና ወይም በ9ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ወላጁ የሚሰማው ዜና የደረሰ ጉዳትን የሚያስታውቅ እንጂ ጉዳትን የሚከላከል አይደለም።

2. የውጤት ካርድ የሚነግረውና የማይነግረው

ካርድ አስፈላጊ ሰነድ ነው። የተማሪውን ውጤት መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ከክፍል ወደ ክፍል ለማዛወር ያገለግላል። ልጁ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚጎድለው ግን አይገልጽም። ይህን ለማስረዳት ሁለት የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን በምሳሌነት እንውሰድ። መምህሩ በመንፈቀ ዓመቱ በአራት ርእሶች እያንዳንዳቸው ከ25 የሚታረሙ ፈተናዎች ሰጠ እንበል።

የመጀመሪያው ተማሪ በስብስብ 21፣ በድፍን ቁጥሮች 17፣ በእኩልነት ዓረፍተ ነገር 9፣ በጥምርታና በመቶኛ 7 አገኘ፤ ድምሩ 54 ነው።

ሁለተኛው ተማሪ በስብስብ 8፣ በድፍን ቁጥሮች 10፣ በእኩልነት ዓረፍተ ነገር 16፣ በጥምርታና በመቶኛ 20 አገኘ፤ የእርሱም ድምር 54 ነው።

በካርድ ላይ ሁለቱም «54» ናቸው። ደረጃቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ይሆናል። ነገር ግን አንዱ እየወረደ ነው፤ ሌላው እየወጣ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ወላጅ «አለፈ» ብሎ ሲያርፍ፣ ልጁ ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመትና ለ8ኛ ክፍል መሠረት የሚሆነውን ትምህርት ሳይጨብጥ ይቀጥላል። የሁለተኛው ልጅ ወላጅ ደግሞ «54 ምን ውጤት ነው?» ብሎ በመቆጣት በጥረቱ እየተሻሻለ ያለውን ልጅ ተስፋ ሊያስቆርጠው ይችላል።

በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ደረጃም እንዲሁ ነው። ልጄ ከ60 ተማሪዎች 10ኛ ወጣ የሚል ወላጅ የሚያውቀው ልጁ ከሌሎች ጋር ሲወዳደር ያለበትን ስፍራ ነው። ክፍሉ በጠቅላላው ደካማ ከሆነ 10ኛው ተማሪም ክፍልፋይ መደመር ሊያቅተው ይችላል። ደረጃ ስለ ጎረቤት ልጅ ይናገራል፤ ስለ ትምህርቱ ግን አይናገርም።

3. ጥናቶች ምን ያመለክታሉ?

ለወላጆች የሚሰጥ መረጃ የሚያስከትለው ውጤት በልዩ ልዩ አገሮች ተጠንቷል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን መጥቀስ ለጉዳያችን ይበቃል።

ረቤካ ዲዞን ሮስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በማላዊ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የትምህርት ችሎታ ያላቸው ግምት ከእውነተኛው ውጤት በእጅጉ የራቀ ሆኖ እንደተገኘ ያስረዳል። የግምቱ ስሕተት በድኾችና ባልተማሩ ወላጆች ዘንድ የባሰ ነበር። የልጆቹ ውጤት በቀላልና በሚገባ መንገድ ሲገለጽላቸው ግን ወላጆቹ ውሳኔያቸውን አስተካከሉ፤ ለምሳሌ ለልጃቸው ችሎታ የሚስማማ የመልመጃ መጽሐፍ መረጡ። ከዚህ የምንረዳው የወላጁ ችግር የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የመረጃ ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ነው።

በቺሊ ርእሰ ከተማ በሳንቲያጎ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች በተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ወላጆች ስለ ልጆቻቸው መቅረት፣ ጠባይና የሒሳብ ፈተና ውጤት በእጅ ስልክ አጫጭር መልእክት በየጊዜው ይላክላቸው ነበር። የተማሪዎቹ የሒሳብ ውጤትም ሆነ በክፍል መገኘታቸው ተሻሽሏል። 

ሦስተኛው ጥናት የሚያስጠነቅቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመው ይህ ጥናት በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ልጆች ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ ሒሳብን የሚፈሩ ወላጆች የቤት ሥራ አዘውትረው በሚያግዙበት ቤት ልጆቹ በሒሳብ ያነሰ ዕውቀት እንዳገኙና ፍርሃቱም ወደ እነርሱ እንደተላለፈ አሳይቷል። በዕድሜና በክፍል ቢለያይም ትምህርቱ ለእኛ ይጠቅማል። ወላጅን «የቤት ሥራውን አብረህ ሥራ» ማለት ሁልጊዜ በጎ ምክር አይደለም። «እኔም ሒሳብ አይገባኝም ነበር» የሚል አባት ልጁን የሚያጽናና ይመስለዋል፤ ልጁ የሚሰማው ግን ሒሳብ በዘር የማይገባቸው ሰዎች እንዳሉ ነው።

4. ለወላጅ የሚላክ መልእክት ምን ይያዝ?

ከዚህ በላይ የተጠቀሰውን መሠረት በማድረግ፣ ለወላጅ የሚላክ የሒሳብ መልእክት አራት ነገሮችን እንዲይዝ ይመከራል፦

ሀ. በዚህ ወር የሚሰጠው ትምህርት ምን እንደሆነና በኑሮ ውስጥ የት እንደሚገኝ፤
ለ. ልጁ እስካሁን በትክክል መሥራት የቻለው ምን እንደሆነ፤
ሐ. ገና ያልጨበጠው አንድ ነገር፤
መ. ወላጁ በቤት ሊያቀርብለት የሚችለው አንድ ጥያቄ ከነመልሱና መምህሩ በበኩሉ የሚያደርገው እርዳታ።

ለአብነት ያህል የሚከተለው ደብዳቤ ቀርቧል፦

«ለተከበሩ ወላጅ ወይም አሳዳጊ፤ ልጅዎ በሚቀጥሉት ሳምንታት በሒሳብ የሚማረው ስለ ጥምርታና መቶኛ ነው። ይህ ትምህርት የዋጋን ጭማሪና ቅናሽ ለማስላት ያገለግላል። ልጅዎ የአንድን ቁጥር መቶኛ በትክክል ያወጣል፤ የ400 ብር 15 በመቶ 60 ብር መሆኑን ያውቃል። ገና ያልጨበጠው ዋጋ ከተለወጠ በኋላ መቶኛው ከየትኛው ቁጥር እንደሚሰላ ነው። በዚህ ሳምንት እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ አንድ ዕቃ 400 ብር ነበር። ዋጋው በ25 በመቶ ጨመረ፤ ቆይቶም በ25 በመቶ ቀነሰ። ወደ 400 ብር ተመለሰ ወይ? መልሱ አልተመለሰም፤ 375 ብር ይሆናል ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ በራሱ አነጋገር ያስረዳዎ። ማስረዳት ካቃተው አይቆጡት፤ ይንገረን፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር እንደግመዋለን።»

በደብዳቤው ውስጥ «ሰነፍ»፣ «ደካማ»፣ «ትኩረት የለውም» የሚሉ ቃላት እንደሌሉ ልብ ይሏል። እነዚህ ቃላት ልጁን ይሰይሙታል እንጂ ሥራውን አይገልጡም፤ ወላጁም ከቁጣ በቀር ሌላ መፍትሔ እንዲፈልግ አያደርጉትም። ከዚህም ሌላ አንድ የማይዘነጋ ጉዳይ አለ። ማንበብ በማይችል ወላጅ ቤት ደብዳቤውን ጮክ ብሎ የሚያነበው ብዙ ጊዜ ራሱ ተማሪው ነው። ራሱን የሚያሳፍር ደብዳቤ የተሰጠው ልጅ ደብዳቤውን ይሠውረዋል፤ ወይም ሌላ ነገር ያነባል። በቻለው ነገር የሚጀምር ደብዳቤ ግን ቤት ይደርሳል።

የጥያቄው መልስ አብሮ መጻፉም በምክንያት ነው። ወላጁ መልሱን ከያዘ ሊያፍር አይችልም፤ ጠያቂ እንጂ ተፈታኝ አይሆንም። ልጁ መልሱን ብቻ ተናግሮ እንዳያመልጥ ደግሞ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ቦታም ልጁ በክፍል የሰማውን በቤቱ ቋንቋ ማስረዳቱ ዕውቀቱን ያጠናክርለታል፤ በቃል የተሸመደደ ነገር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አይሻገርምና። ስለዚህ የትምህርቱ ቋንቋ ማናቸውም ቢሆን ደብዳቤው በቤተሰቡ ቋንቋ ይጻፍ።

5. የወላጁ የራሱ ዕውቀት

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ሒሳብ አያውቅም ማለት አይደለም። ገበሬውና ነጋዴዋ በየቀኑ የሚሠሩበት ስሌት በ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ልብስ ይገኛል። የመምህሩ ድርሻ ይህን ዝምድና ማሳየት ነው።

ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን በዕዳ መግለጥ ይቻላል። ለባለሱቅ የ30 ብር ዕዳ ያለበት ሰው ሌላ የ50 ብር ዕቃ በዱቤ ቢወስድ ዕዳው 80 ብር ይሆናል፤ ይህ በደብተር ላይ −30 + (−50) = −80 ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ተማሪዎችን የሚያስቸግረው የሲቀነስ ሲቀነስ ጉዳይም በዚሁ ይፈታል፦ የ50 ብር ዕዳ ካለበት ሰው ላይ የ20 ብር ዕዳ ቢሠረዝለት 30 ብር ይቀርበታል፤ −50 − (−20) = −30 ማለት ይህ ነው። ዕዳ ሲቀነስ ሰውየው እንደሚጠቀም ለእናት ወይም ለአባት ማስረዳት አያሻም።

የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ባለሁለት ሳህን ሚዛን ነው። እናት ከገበያ ተመልሳ «3 ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ፣ 20 ብር ለታክሲ ከፍዬ፣ በጠቅላላው 110 ብር አወጣሁ፤ ኪሎው ስንት ሆነ?» ብላ ብትጠይቅ የ7ኛ ክፍል ጥያቄ አቀረበች ማለት ነው። ያልታወቀውን ዋጋ በ«ሀ» ብንወክለው 3ሀ + 20 = 110 ይሆናል። የታክሲው 20 ብር ሲነሣ 3ሀ = 90፤ ለሦስት ሲካፈል አንዱ ኪሎ 30 ብር ነው። እናትየዋ ዋጋውን ቀድማ ስለምታውቅ የልጁን መልስ ለማረም መጽሐፍ አያስፈልጋትም።

ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ደቦ ነው። አንድን ማሳ 6 ሰዎች በ4 ቀን ቢያጭዱት፣ በእኩል ጉልበት የሚሠሩ 8 ሰዎች በስንት ቀን ያጭዱታል? ሥራው በጠቅላላው የ24 ሰው ቀን ስለሆነ መልሱ 3 ቀን ነው። ይህን ዓይነት ጥያቄ «ኢ-ርቱዕ ወደር» ብለን እናስተምራለን። የርቱዕ ወደርን ስልት በዘልማድ የሚጠቀም ተማሪ ግን 8 ሲካፈል ለ6፣ ሲባዛ በ4 ብሎ ከ5 ቀን በላይ የሚሆን መልስ ያወጣል። ደቦ የወጣ ገበሬ ይህን ሲሰማ «ሰው በጨመረ ቁጥር ሥራው ዘገየ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ከማንኛውም የቀይ እስክሪብቶ ምልክት የበለጠ ያስተምራል። መልስ ከእውነተኛው ዓለም ጋር መስማማቱን መመዘን የሒሳብ ትምህርት ዋነኛ ግብ ነው፤ በዚህ ረገድ ገበሬው ከልጁ ይበልጥ የተማረ ነው።

6. ወላጅን ስለ መጥራት

በትምህርት ቤቶቻችን «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል ከጥፋት ጋር ተያይዞ ኖሯል። ስለዚህ ወላጁ ሲጠራ አስቀድሞ ይደነግጣል፤ ልጁም ወላጁ ከትምህርት ቤት በር እንዳይደርስ ይመኛል። ይህን ልማድ ለመለወጥ የመጀመሪያው ጥሪ ጥፋት ከመኖሩ በፊት፣ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ቢደረግ ይመረጣል። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት በሚጠራው ስብሰባም ከሕንጻ ጥገናና ከመዋጮ በተጨማሪ ለትምህርቱ ለራሱ ግማሽ ሰዓት ሊመደብ ይገባል። የሒሳብ መምህሩ በዚያ ግማሽ ሰዓት አንዱን የዕዳ ወይም የደቦ ጥያቄ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሠራ፣ ወላጆች ልጆቻቸው የሚማሩት ምን እንደሆነ ዓይተው ይሄዳሉ። የግል ውጤት ግን በጉባኤ ፊት ሊነበብ አይገባም።

የቀኑም ምርጫ ይታሰብበት። በገጠር ብዙ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤተሰብ እየመጣላቸው ይማራሉ። ወላጆቻቸው ወደ ከተማ የሚወጡት በገበያ ቀን ስለሆነ፣ በሌላ ቀን የሚጠራ ስብሰባ እነርሱን አይጨምርም። ከዘመድ ወይም ከአሠሪ ጋር ለሚኖሩት ልጆች ደግሞ ክትትሉን የሚያደርገው አሳዳጊ ማን እንደሆነ በመስከረም ወር ተጠይቆ ቢመዘገብ መልካም ነው። ስልክ ባለበት ቤት አጭር መልእክት መላክ፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ደውሎ ሁለት ደቂቃ መናገር ከደብዳቤ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

7. የመምህሩ ጊዜ

በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ይዞ፣ በሳምንት በርካታ ክፍለ ጊዜያት የሚያስተምር መምህር ለእያንዳንዱ ወላጅ እንዴት ደብዳቤ ይጽፋል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሆኖም የተማሪዎች ስሕተት እንደ ተማሪዎቹ ቁጥር ብዙ አይደለም። አንድ ፈተና ሲታረም ስሕተቶቹ ብዙውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ዓይነት ይጠቃለላሉ። ስለዚህ መምህሩ 60 ደብዳቤ ሳይሆን ሦስት ወይም አራት ደብዳቤ ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱም ለአንድ ቡድን ተባዝቶ ይታደላል። ማባዣ በሌለበት ተማሪዎቹ ራሳቸው ከሰሌዳ ይገለብጡታል። ይህም በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ጊዜ ቢደረግ በዓመት ከሰባት ወይም ከስምንት ጊዜ አይበልጥም።

ስሕተትን በዓይነት መለየቱ ለመምህሩም ይጠቅመዋል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማንን ለምን እንደሚያስቀር ያውቃል፤ ተከታታይ ምዘናም ነጥብ ከመሰብሰብ አልፎ ለማስተማር ይውላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ የተማሪውን አስተሳሰብ የሚለውጥ፣ ጉድለቱም ተሠውሮ የሚቆይ ትምህርት ነው። የውጤት ካርድ ይህን ጉድለት ለወላጁ በጊዜው አያሳየውም። ስለሆነም፦

አንደኛ፣ የሒሳብ መምህራን በየምዕራፉ ከላይ የተመለከቱትን አራት ነጥቦች የያዘ አጭር መልእክት በቤተሰቡ ቋንቋ ለወላጆች እንዲያደርሱ፤

ሁለተኛ፣ ርእሳነ መምህራን የወላጆች ስብሰባ ለወላጆች በሚመች ቀን እንዲጠራና ለትምህርቱ ይዘት ጊዜ እንዲመደብ እንዲያደርጉ፤

ሦስተኛ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለወላጅ መልእክት መጻፍን በተግባር ልምምድ ወቅት ከትምህርት ዕቅድ ዝግጅት ጎን ለጎን እንዲያለማምዱ ይመከራል። ዕጩ መምህር ፈተና ማውጣትንና ማረምን ይማራል፤ ያረመው ፈተና ስለ ልጁ የሚናገረውን ለአንዲት እናት በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳትን ግን ካልተለማመደ ወደ ሥራ ከተሰማራ በኋላ በቀላሉ አይመጣለትም።

ወላጅ ስለ ልጁ የሒሳብ ትምህርት የመጨረሻውን ውጤት ሳይሆን መንገዱን እንዲያውቅ ከተደረገ፣ ከመምህሩ ጋር የሚገናኘው ልጁ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲሰናከል ይሆናል።